ባለቤቴ እናንተ ዘንድ አላረፈችም

ለተከበሩ የመርከብ ሽርሽር ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያሳየው የቢሮዎ መስኮትም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በአካል ተያይተን አናውቅም። ነገር ግን ድርጅትዎ በየጊዜው የባለቤቴን ጤና እየጠየቀ መልእክት ስለሚልክ፣ ውለታው የአንድ ወገን ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የእርስዎን ጤና በመጠየቅ ጀምሬያለሁ።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ደብዳቤ ነው። ግልጽ የሆነበትም ምክንያት ሦስት ጊዜ በስልክ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በእግሬ መጥቼ የተናገርኩት ነገር ግልጽ ስላልሆነላችሁ ነው። የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ምራቴ ናት። ምራቴ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስለምትሠራ እጇ ፈጣን ነው፤ የሰው ስም ከሰው ስም ጋር አደባልቃም አታውቅም፤ ይህን የምለው ለማወዳደር አይደለም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አርባ ዓመት የውሃ ጉድጓድ ስቆፍር ኖሬያለሁ፤ ከቆፈርኳቸው ውስጥ አንድም የተደረመሰ የለም፤ ስለዚህ ማንበብ ባለመቻሌ አንገቴን የምደፋ ሰው አይደለሁም። ምራቴ «አባባ፣ ይሄን ጉራ እንዝለለው» ብላኛለች። አይዘለልም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። መርከባችሁ ከዛሬ ዘጠኝ ቀን በኋላ ይነሣል። ከመነሣቱ በፊት፣ ከሁሉ በታች ባለው ፎቅ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከበሩ አጠገብ ካለው አልጋ ላይ የባለቤቴ ስም ተነሥቶ የልጅ ልጄ ስም እንዲጻፍበት እፈልጋለሁ። ልጅቷ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ በቤት ስሟ ሚጢጢ እንላታለን። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ ይህ ትንሽ ነገር እንዴት ትልቅ እንደሆነ ማስረጃ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሽርሽሩ ላመስግንዎ። ሽርሽሩን ያሰበችው ባለቤቴ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ወርክሾፕ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ልብስ በሦስት በሦስት እያጠፈች ስታሽግ የኖረች ሴት ናት። አንድ ቀን በማሸጊያ ካርቶኖቹ መካከል የእናንተን በራሪ ወረቀት አገኘች። መርከቡ ነጭ፣ የሰዎቹ ልብስ ነጭ፣ ጥርሳቸውም ነጭ። አምጥታ የቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጠፈችውና «አንተ ሰው፣ ዕድሜህን ሙሉ ውሃን ከታች ስታየው ኖረሃል፤ አንድ ቀን እንኳ ከላይ ሆነህ እየው እንጂ» አለችኝ። ቤተሰባችን መርከብ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ልጄ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ሹፌር ነው፤ የሚያውቀው ጉዞ ከዳቦ ቤት እስከ ሱቅ ነው።

ነገሩ በእኛ አቅም እንዲሆን ያላደረገችው የለም። ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ባለበት፣ ዋጋችሁ በሚወርድበት ሳምንት ያዘችልን። መስኮት የሌለውን ክፍል መረጠችና «መስኮትማ እቤታችንም አለን» አለች። የለስላሳ መጠጡን ጥቅል ሰረዘች፤ ፎቶ አንሺያችሁን ሰረዘች፤ «ይህቺን ፊት ለመርከብ ብዬ በገንዘብ አላስነሣትም» ብላ ሳቀች። ለአምስት ሰው አራት አልጋ ይበቃናል፣ ሚጢጢ ከእኔ ጋር ትተኛለች ብላ በዚያው አስመዘገበች። ይህ የመጨረሻው ቁጠባ ዛሬ ምን እንዳመጣብን በሦስተኛው ቁጥር ላይ ይደርሱበታል።

ከዚያም የክፍሉን ርዝመትና ስፋት ከእናንተ በስልክ ጠይቃ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳሎናችንን ወንበሮች ወደ ግቢ አስወጣችና ክፍላችሁን በልኩ ወለላችን ላይ በጠመኔ ሣለችው። አራት አልጋ፣ አንድ በር፣ አንድ መታጠቢያ ቤት። መጋረጃውን ዘግታ አምስታችንንም መስመሩ ውስጥ አስገባችን። «እስኪ ማን እንደሚጨንቀው አሁኑኑ እንወቅ፤ ባሕር መሃል ሆናችሁ እንዳታዋርዱኝ» አለች። መጀመሪያ የወጣው ልጄ ነው፤ «ታፈንኩ» ብሎ። እኔ የጉድጓድ ሰው ስለሆንኩ ምንም አልመሰለኝ። እሷ ጉልበቷን ስለሚያማት በበሩ አጠገብ ያለውን አልጋ ያዘች፤ ሚጢጢን አቅፋ ወለሉ ላይ ጋደም አለችና ቤቱን በሚሞላ ድምፅ «እንችላለን!» አለች። ልጄም አፍሮ ተመልሶ ገባ።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ከምሳ በፊት፣ እጇ ባጠፈችው ልብስ ላይ እንዳለ፣ እዚያው ሥራ ቦታዋ ላይ አረፈች።

የጠመኔው መስመር እስከ ዛሬ አለ። አጥፉ ያለ የለም፣ አታጥፉ ያለም የለም። ምራቴ ስትጠርግ ዙሪያውን ትጠርጋለች። ልጄ ከሥራ ሲገባ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው በእግሩ ጣት ዞሮ ያልፋል፤ ራሱ ግን አያውቀውም። በሩ አጠገብ ያለውን አልጋ ከመካከላችን የረገጠ የለም። እኔ በበኩሌ ሳልፍ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ይህን ሁሉ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእርስዎ የነገርኩት እንግዳ አክባሪ መሆንዎን ከመልእክቶችዎ ስለተረዳሁ ነው። አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ። ከቀብሩ በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ ልጄ «አባባ፣ እኔ ልደውል» ቢለኝም፣ ባለቤቴ የኔ ናት ብዬ ራሴ ደወልኩላችሁ። ያነሣችው ድምፀ መልካም ልጅ ናት። እኔም የባለቤቴን ስም ከዚያች ከሌላዋ ቃል ጋር በአንድ ትንፋሽ ማውጣት ስላልሆነልኝ፣ ጨዋ ሰው እንደሚለው «ባለቤቴ አርፋለች» አልኳት። «ውይ፣ ደስ ሲል! እንኳን በሰላም አረፉ!» አለችኝ። ደነገጥኩ፤ ነገር ግን የዛሬ ልጆች የሚያጽናኑት እንዲህ ይሆናል ብዬ ተቀበልኩ። መቼ እንዳረፈች ጠየቀችኝ፤ ሐሙስ አልኳት። «ቦታው ተመቻቸው?» አለችኝ፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ዛፍም አለው አልኳት። «ብቻቸውን ናቸው ወይስ ሰው አለ አብሯቸው?» ስትለኝ፣ ኧረ ብቻዋን ናት ብዬ ድምፄ ተሰበረ። «አይዞዎት አባቴ፣ እርስዎም በቅርቡ ይከተሏቸዋል፤ ደግሞ ሁላችሁም አንድ ክፍል ናችሁ» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ እንዲህ ያለ ማጽናኛ ሰምቼ አላውቅም።

በኋላ እንደተረዳነው፣ ወደብ አጠገብ ቀድመው የሚደርሱ መንገደኞች መርከቡ እስኪነሣ የሚያርፉበት የእንግዳ ማረፊያ አላችሁ። ልጅቷ ባለቤቴ ከእኛ ቀድማ መጥታ እዚያ ክፍል የያዘች መስሏታል። በመዝገባችሁ ላይም የደወልኩበትን ቀን ይዛ «እንግዳዋ ማክሰኞ አርፈዋል» ብላ ጻፈች። ዋሸች አልልም። ከቀኑ በቀር ያልኳትን ነው የጻፈችው።

ሁለተኛ። የባለቤቴ ስልክ መደርደሪያው ላይ ነው፤ አልዘጋነውም፤ ምክንያቱን እንዳይጠይቁኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ መልእክታችሁ ይገባል። መጀመሪያ «ውድ እንግዳችን፣ እኛ ዘንድ ስላረፉ ክብር ይሰማናል» አላችኋት። ቀጥላችሁ «ዛሬ ቁርስ ላይ አላየንዎትም፤ ደህና ነዎት?» አላችኋት። በማግስቱም አላያችኋትም። በሦስተኛው ቀን «የማረፊያችንን ጸጥታ ስላከበሩ እናመሰግናለን» አላችኋት፤ ስለ ጸጥታዋ እኔም እመሰክራለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ፎጣዎን በሦስት አጥፈው ስላስቀመጡልን የጽዳት ሠራተኞቻችን ያመሰግናሉ» የሚል መጣ። ምራቴ ይህን ጮክ ብላ እያነበበች መሃል ላይ ስልኩን ወደ መደርደሪያው መለሰችው። ልጄ ከወንበሩ ተነሥቶ «ማሽን ነው፣ ለሁሉም ሰው የሚላክ ነው» አለ፤ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እንደገና ደግሞ «ማሽን ነው» አለ። ይሁን፣ ማሽን ነው። እኔ የምጠይቀው ማሽኑ በሦስት ማጠፍን ማን እንዳስተማረው ነው።

ይህን ሁሉ ችለን ነበር። ያልቻልነው ሚጢጢ ሁለተኛ ክፍል ስለሆነች ማንበብ መቻሏን ነው። ስልኩን አንሥታ በጣቷ እየተከተለች ቁርሱን አነበበች፣ ፎጣውን አነበበች፤ ከዚያ ወደ እናቷ እየሮጠች «አያቴ መርከቡ ጋ ናት! ለምን አልነገራችሁኝም? ቀድማን ሄዳ ነው!» አለች። ለሦስት ሳምንት ስታለቅስ የነበረች ልጅ በዚያች ሰዓት ማልቀስ አቆመች። በማግስቱ የአያቷን ነጠላ ጫማ በጋዜጣ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች፤ «ትታው ነው የሄደችው፤ እግሯን ይበርዳታል» አለችን። እኛ ሦስት አዋቂዎች እርስ በርሳችን ተያየን። ጫማውን ያወጣው የለም።

ሦስተኛ። ልጄንና ምራቴን አስከትዬ ቢሮዎ መጣሁ። ከመስታወቱ በስተጀርባ የተቀመጠው ባለ ክራቫት ሹም በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ እስክንጨርስ ድረስ ፈገግታውን አላጠፋም። ያረፈ እንግዳ ስሙ የሚነሣው ራሱ ቀርቦ የመውጫ ቅጽ ሲሞላ ብቻ ነው አለን። መቅረብ አትችልም ብንለው፣ ከፈለጉ በወኪል መላክ ይችላሉ አለን። ከዚያ ስፍራ ተልኮ የሚመጣ ወኪል ቢገኝ ኖሮ፣ ክቡርነትዎ፣ የምጠይቀው ሌላ ብዙ ነገር ነበረኝ። ምራቴ ጤና ጣቢያው የሰጠንን ያን ወረቀት አውጥታ መስታወቱ ሥር አሳለፈችለት። አገላብጦ አየውና እንዲህ አለ፦ «ይሄ የሐሙስ ነው፤ የእኛ መዝገብ ደግሞ የማክሰኞ ነው። ሁለት መዝገብ ሲጋጭ የሚጸናው የኋለኛው ነው።»

ይህን ነገር ወደ ቤት እየተመለስኩ አውቶቡስ ውስጥ ደጋግሜ አሰብኩት። እናንተ ዘንድ ሰው ሐሙስ ሄዶ ማክሰኞ ይመለሳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ አገልግሎት እያላችሁ በበራሪ ወረቀታችሁ ላይ ስለ መዋኛ ገንዳ ብቻ መጻፋችሁ በጣም አስገርሞኛል። ብትጽፉት ኖሮ ወረፋው ከበራችሁ እስከ እኛ ሰፈር በደረሰ ነበር። ከወረፋው ፊት የምታገኙትም እኔን ነበር።

ሹሙ በዚህ ሳያበቃ፣ ሚጢጢ የተመዘገበችው በአያቷ አልጋ ላይ ደባል ሆና ስለሆነ፣ አያቷ ከወጡ እሷም አብራ እንደምትወጣ፣ ካልወጡ ግን አብራቸው መሳፈር እንደምትችል አስረዳን። ምርጫው የእናንተ ነው አለ። እንግዲህ ምርጫችን ይህ ነው። ወይ ልጅቷ ወደብ ላይ ትቀራለች፤ ወይ ነጠላ ጫማውን ይዛ ኮሪደሩን ሮጣ፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን አልጋ አይታ፣ አያቷን ለሁለተኛ ጊዜ ታጣለች። ያን ጊዜ ደግሞ ባሕር መሃል ነን፤ ወዴት ትሮጣለች?

አራተኛውን ምራቴ አልጽፍም ብላለች። ስለ ሹሙ ፈገግታ ነበር።

አምስተኛ። እዚህ ላይ ደብዳቤው ትናንት ቆሞ ነበር። አምስተኛውን በእርስዎ ላይ ልናገር አፌን ስከፍት የመጣልኝ በእርስዎ ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ ምራቴን «ተዪው፣ ነገ እንቀጥላለን» ብያት ተነሣሁ።

ለሚጢጢ ማን ምን ብሎ እንደነገራት ቆጠርኩ። እኔ «አያትሽ አርፋለች» ብያታለሁ። እናቷ «ደክሟት ነበር፤ አሁን አርፋለች» ብላታለች። አባቷ ምንም አላለም፤ ዳቦ ሊያደርስ ወጣ። በዚህ ቤት ውስጥ ያቺን ሌላዋን ቃል ለዚያች ልጅ አንድም ሰው አልተናገረም። ምራቴ እንኳ፣ በሥራዋ ላይ በቀን አምስት ጊዜ ካርድ ላይ የምትጽፋት ሴት፣ ቤቷ ስትገባ አትችላትም። የእናንተ ልጅ በስልክ የሰማችውን የኔዋ ልጅ በጆሮዋ ሰማችው፤ ሁለቱም አመኑን። መዝገባችሁ ሳይሳሳት በፊት የእኔ ቤት ተሳስቷል። ይህን የምናገረው እርስዎን ለማሳረፍ አይደለም፤ ቃሉን ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ሚጢጢን አጠገቤ አስቀምጬ ነገርኳት። በእውነተኛዋ ቃል ነገርኳት። የእጅጌዬን ቁልፍ እያሽከረከረች ሰማችኝ። «እንደ ጎረቤት ውሻ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ሐሙስ?» አለችኝ። ሐሙስ አልኳት። ቁልፉን ለቀቀች። ከዚያ ቀና ብላ «ታዲያ አባባ፣ እዚያ ፎጣውን የሚያጥፈው ማነው?» አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ እኔ አርባ ዓመት ሃያና ሠላሳ ክንድ ከመሬት በታች ብቻዬን ሠርቻለሁ። እዚያ ታች ሰው ስሙ ሲጠራ ይሰማል፤ የሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ ያውቁታል፤ ብዙ ጊዜም አቤት ብዬ ሥራዬን ቀጥያለሁ። ለዚህች ልጅ ጥያቄ ግን መልስ አላገኘሁም። ማረፊያችሁን የማውቀው እኔ አይደለሁም። ቁልፉ ያለው እናንተ ጋ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዋን እንዳለ ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ። በዚያ ክፍል ቁርስ የማትበላው፣ ድምፅ የማታሰማው፣ ፎጣ በሦስት የምታጥፈው ማን ናት? አንድ ሰው ልከው ያስከፍቱት። ከመክፈቱ በፊት ግን ያንኳኳ።

ሚጢጢ ከዚያ በኋላ አለቀሰች። ዝም በይ ያላት ሰው የለም፤ አባቷም አጠገቧ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ አብሯት አለቀሰ፤ ዳቦው ዛሬ አርፍዶ ነው የደረሰው። ሲወጣላት አፍንጫዋን በእጅጌዬ ጠረገችና «እኔ እሄዳለሁ፤ አያቴ እንችላለን ብላለች። አልጋው ግን የኔ ይሁን፤ ስሜ ይጻፍበት» አለች። ሻንጣዋን ከፈተች፤ ነጠላ ጫማውን አውጥታ አየችው፤ መልሳ ከተተችው።

እንግዲህ አቤቱታዬ አልቋል። እንደ ወጉ የሚቀረኝ ምስጋና ነው። ሰው ሁሉ ባለቤቴን በረሳበት ሰዓት ቁርስ ትበላ አትበላ ስለተጨነቃችሁላት፣ ሬሳን እንኳ ሳይፈርም የማያስወጣ ጥብቅ ሥርዓት ስለዘረጋችሁ፣ ሁለት ጊዜ ደረጃችሁን በሚያመኝ እግሬ አስወጥታችሁ ጤንነቴን ስለፈተሻችሁልኝ፣ ከሁሉም በላይ በዚህ ቤት ሦስት አዋቂዎች ሸሽገን ያኖርነውን ነገር በገዛ አፋችን እንድናወጣው ስላስገደዳችሁን ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻው ምስጋና ሽሙጥ አይደለም። የትኛው ሽሙጥ እንደሆነ ለመለየት ከተቸገሩ ባለ ክራቫቱን ይጠይቁ።

ለረጅም ዕድሜ፣ ለሰፊ መስኮት፣ መዝገብዎም ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ ሳይደናገር እንዲኖር እየተመኘሁ፣ መርከቡ በሚነሣበት ቀን ጠዋት ወደቡ ላይ ከልጄ፣ ከምራቴና በራሷ ስም አልጋ ካላት የልጅ ልጄ ጋር እጅ ለመንሣት በታላቅ ትሕትና እጠብቅዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
አንድም ጉድጓድ ያልተደረመሰበት ቆፋሪ፣ የዚያች ሴት ባል

ማሳሰቢያ፦ ስልክ ያነሣችውን ልጅ በሥራዋ ላይ እንዳታንገላቷት። ጨዋ ቃል ሰምታ ጨዋ ቃል ጻፈች፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዛሬ አርሜዋለሁ። ከዚህ በታች ያለችው ቃል የምራቴ እጅ አይደለችም፤ የኔ እጅ ናት። ከሰዓት በኋላ ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቤ ተቀምጣ አስጽፋኛለች። ሰባ ዓመት አልፎኝ በሕይወቴ የጻፍኳት ብቸኛ ቃል ናት፤ ስለዚህ ተንጋድዳ ቢያገኟት አይፍረዱብኝ። ሦስት ፊደል ብቻ ናት፤ በሁለተኛ ክፍል የምትማር ልጅና ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ በአንድ ከሰዓት ጨርሰናታል። ለዲግሪ ምሩቃንዎ ከከበደቻቸው እንዲሁ እንዳለች ይገልብጧት፤ መዝገባችሁ ላይም ከማክሰኞው በታች ትጻፍ፤ የሚጸናው የኋለኛው ነው ብላችኋልና።

ሞተች።